የጋሽ እንድሪስ አፍንጫ

«አፍንጫው ሞተ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለኝ ሹፌሩ ማርሽ እየቀየረ።

ከደሴ ወደ ሐይቅ እየሄድን ነበር። ልጁ ለመስመሩ አዲስ ነው፤ ሟቹን በዝና እንጂ በአካል አያውቀውም። የነገረኝም ጤፍ ተወደደ እንደሚል ሰው ነው። ቱግ አልኩ። «ስም አለው። ጋሽ እንድሪስ ይባላል» አልኩት። በጎን አየኝና «አላህ ይዘንለት። ዘመድሽ ነበር?» አለ። ምን ልበለው? ዘመዴ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ ጋቢና ከጎኑ ተቀምጬ ከሐይቅ ውጫሌ የተመላለስኩ፣ በየቀኑ የተከራከርኩት፣ በመጨረሻም ምሥጢሩን አደባባይ ላይ የዘረገፍኩበት ሰው ነው። ይህን ሁሉ ለማያውቅ ልጅ ከየት ጀምሮ ይነግሩታል? «አውቀው ነበር» አልኩት። ሐይቅ እስክንገባ ግን እግሬ አላርፍ አለኝ፤ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ደረስኩ።

እኔ መምህርት ነኝ። ቤቴ ሐይቅ፣ ትምህርት ቤቴ ውጫሌ። ትዕግሥት ሲታደል የት እንደነበርኩ አላውቅም፤ ወረፋ አልወድም፣ ትርፍ የጫነ መኪና አልወድም፣ ዝም በይ የሚለኝ ሰው አልወድም። ጋሽ እንድሪስን ባገኘሁት በመጀመሪያው ቀን ሦስቱም ባንድ ላይ ገጠሙኝ። ተሰልፌ ተሰልፌ ስገባ ከጋቢናው አንድ ወንበር በቀር ሚኒባሷ ሞልታለች፤ በወንበሮቹ መካከል ደግሞ ሦስት ሰዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከተማውን ለቀን ጥቂት እንደሄድን ጋሽ እንድሪስ መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ቀስ ብሎ «ዝቅ» አለ። ሦስቱ ሰዎች፣ አንዷ የእናቴ እኩያ ናቸው፣ ለዓመታት እንደተለማመዱት ሁሉ እኩል ተደፉ።

«ማንን ፈርታችሁ ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ከፊታችን፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከቆመች አንዲት ነጭ ፒክአፕ በቀር ምንም አይታየኝም።

«ዝም በይ እታለም። አፍሽ ይታያል» አለኝ።

አለፍናት። ጃኬት የደረቡ ሁለት ሰዎች ተቀምጠውባታል፤ አንዱ ስልኩን ይነካካል። ሰውን ያለ ምክንያት ትጠረጥራላችሁ ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት በጎን መስታወቱ አየሁ፤ ሁለቱ ሰዎች ጃኬታቸውን ጥለው፣ ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው፣ ከኋላችን የመጣውን አይሱዙ አስቁመውታል። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ለፊት ለሚመጣ መኪና መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገና አፍንጫውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ያኛው ሹፌር በምስጋና እጁን አንሥቶ ወዲያው ዳሩን ያዘ፤ ትርፎቹን ሊያወርድ ነው።

ለውጥ መጣ የተባለበት ጊዜ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ አለቃ ተሾመ፤ አዲስ አለቃ ደግሞ አዲስ ነገር ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም። የትራፊኮቹ አለቃ ያመጣው ይህንን ነው፦ ታርጋዋ የነጋዴ፣ ጎኗ ላይ ምንም ያልተጻፈባት፣ ትራፊኮች በሲቪል ልብስ የሚቀመጡባት መኪና። በመስመሩ ያልተቀጣ ሹፌር አልነበረም፤ ከጋሽ እንድሪስ በቀር። ሌሎቹ ከቅጣት የሚድኑት እሱ ቀድሟቸው ካለፈና አፍንጫውን ካሳያቸው ብቻ ነው። ስሙም ከዚያ መጣ።

እንዴት እንደሚለያት ንገረኝ ብዬ ነዘነዝኩት። ሳምንት ሙሉ «ትሸተኛለች» እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመና አንድ ጠዋት ምርር ስል አዘነልኝ።

«ኋላዋን እዪ» አለኝ።

«ኋላዋ ምን ሆነ?»

«ባዶ ነዋ! እስቲ በወሎ ምድር ባዶዋን የምትሄድ ፒክአፕ አሳዪኝ። በግ ይኖራል፣ ጀሪካን ይኖራል፣ ያማቱ ጭድ ይኖራል። ምንም ቢጠፋ 'አድርሰኝ' ያለ መንገደኛ አይጠፋም። ባዶዋን ውላ ባዶዋን የምታድር መኪና ባለቤት የላትም፤ የመንግሥት ናት።»

ይህ ነገር ትራፊኮቹ ጆሮ ገባ መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ፒክአፗ የሽንኩርት ጆንያ ጭና መጣች። ሦስት ቀን ብዙ ሹፌር ተበላ። በአራተኛው ቀን ጋሽ እንድሪስ ከሩቅ አያትና ከት ብሎ ሳቀ። «ወላሂ፣ አራት ቀን ሳይሸጥ የሚንሸራሸር ሽንኩርት አይቼ አላውቅም። ወይ ይሽጡት ወይ ይብሉት!» መኪናዋን ቀየሩ፤ አሁንም ለያት። «ከተማውን አቋርጣ ስትመጣ አንድ ሰው እጁን ያላነሣላት መኪና አይተሻል? ሰላም የሚለው ያጣ ሰው እዚህ አገር ይኖራል እንዴ?» አለኝ።

ሁልጊዜ እንስማማ ነበር እንዳይመስላችሁ። በፍጥነት አይታማም፤ አህያ ስታልፍ እንኳ ቆሞ ያሳልፋል። ጥፋቱ ሰው መጨመር ብቻ ነው። አንድ ቀን አታፍርም ወይ፣ ሕግ አይዶል ወይ ብዬ አፋጠጥኩት።

«ገበያ ውላ እግሯ ያበጠ ሴት በሩን ይዛ ስትቆም 'ሞልቷል' ልበላት? አንቺ ወንበር ስላለሽ ነው ሕጉ የጣመሽ።»

«ፍሬኑ ቢበጠስ የምትሞተውስ ያቺው ሴት አይደለችም?»

«እሱስ ሐቅ ነው» አለ። በማግስቱ አራት ጨመረ። ላንቀው ነበር።

የግሸን ማርያም ሰሞን ደግሞ መንገዱ በአውቶቡስ ሲጨናነቅ፣ የሩቅ አገር ሹፌሮች ሳይቀሩ ስሙን ጠይቀው መናኸሪያ ይመጡ ነበር። ከመስጊድ ሲመለስ ከበው ይጠብቁታል። የት የት ቆመው እንደዋሉ፣ ዛሬ ምን ዓይነት መኪና እንደያዙ በዝርዝር ይነግራቸውና «ማርያም ዘንድ ስትደርሱ ለኔም አደራ» ብሎ ይሸኛቸዋል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሀያት። እናቷ አረብ አገር ሥራ ላይ ስለነበረች ጸጉሯን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የላካት እሱ ነው። እኔ አስተምሬያታለሁ፤ በሒሳብ መካከለኛ፣ በግትርነት አንደኛ። አድጋ ምን ብትሆን ጥሩ ነው? ትራፊክ ፖሊስ። «ቤቴ ውስጥ ኬላ ተከፈተብኝ» እያለ ይቀልዳል እንጂ፣ ኮፍያዋን ሳያራግፍላት ከቤት አያስወጣትም። ያቺ ፒክአፕ ላይ በተመደበች ጊዜም አባትና ልጅ ቤት ውስጥ ስለ መኪና አለማውራት የሚል ውል አደረጉ። ቀን እሷ ትደበቃለች፣ እሱ ያያታል፤ ማታ አብረው እራት ይበላሉ። እኔን ያስቀኝ ነበር።

ሳቁ ያበቃው ሀያት አንድ እሑድ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ነው። አለቃዋ ሁሉንም ሰብስቦ «ከመካከላችሁ ለሹፌሮች ወሬ የሚያቀብል አለ» ብሏል። ቀጥሎም በሰው ፊት፣ «የሹፌር ልጅ ማን ናት?» ሲል ጠይቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ነገሩ ካልጠራ ከሥራ ትወጣለች፤ ክስም ይከተላል።

«ቲቸር፣ እኔ ላባቴ አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም። እሱ ባይኑ ነው የሚያውቅ። ማን ያምነኛል?»

ለእሱ እንዳልነግረው ለመነችኝ። በማግስቱ ጠዋት ጋቢና እንደገባሁ ነገርኩት። ሰው እንዲህ ተጨንቆ እኔ አፌን መያዝ አልችልበትም። «ምልክቱን ተውና ነገሩ ይረሳል» አልኩት።

«ብተውስ? ልጁ ነግራው ተወ ይሉ የለ?» አለ። ከዚያ በኋላ ውጫሌ እስክንደርስ መንገደኛው ሁሉ ሰላም ሲለው እጁን ማንሣት ረሳ።

ከአራት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ ነው። ሦስት ትርፍ ይዟል። ወደ አንድ መታጠፊያ ስንቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ከባሕር ዛፎቹ ሥር ናት። ዛሬ ብርማ ፒክአፕ ይዘዋል። ሀያት ከፊት አለች» አለኝ። እኔ ምንም አላየሁም። «ዝቅ» እስኪል ጠበቅኩ። አላለም።

«ዝቅ አትልም?» አልኩት።

«አልልም።»

ከኋላ ያሉት ትርፎች ቀና ብለው እንደተቀመጡ ታጠፍን። ሀያት ወርዳ መሐል መንገድ ቆማለች፤ ኮፍያዋን አጥልቃለች፣ እጇን ዘርግታለች። ቆመ። መስኮቱ ጋ መጥታ፣ «መንጃ ፈቃድዎን» አለችው። አባቷን አንቱ አለችው! እሱም በመዳፉ ግንባሩን ጧ አደረገና «ወይኔ እንድሪስ! ተበላሁ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ መጥፎ ተዋናይ አይቼ አላውቅም። እሷ ግን ፊቷን ሳትፈታ ወደ ውስጥ ገብታ አየች፣ ቅጣቱን ጻፈች፣ ቆርጣ ሰጠችው። ባልደረባዋ ከፒክአፗ አጠገብ ሆኖ ስልኩ ላይ ይጮሃል፦ «አለቃ! አፍንጫውን ያዝነው! የያዘችው ልጁ ናት፣ የገዛ ልጁ!»

ትንሽ እንደሄድን ጋሽ እንድሪስ መኪናውን ዳር አቆመና ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «ባላህ ይዤሻለሁ። ይቺን ነገር ከዚች ጋቢና እንዳታወጪያት። ልጄ እኔን መያዟን ዕድሜ ልኳን ታውራው።» ማልኩለት።

ሀያት ዳነች። አለቃዋ በሰልፍ ፊት አመሰገናት። እኔ ቤት መጥታ «ቲቸር፣ አባቴን ያዝኩት እኮ!» ብላ ስትስቅ አብሬያት ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አረረ። ምክንያቱም አባቷ መናኸሪያ ውስጥ መሳለቂያ ሆኗል። «ጉንፋን ያዘህ ወይ ጋሽ እንድሪስ?» ይሉታል። ከማል የሚባል፣ እሱ ስንቴ ከቅጣት ያዳነው ጎልማሳ ሹፌር፣ መንገድ ላይ ሲያገኘው አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ ያሳየዋል። ያ ምልክት በወር ውስጥ ቀልድ ሆነ። መብራት ቢያበራላቸውም ትርፉን የሚያወርድ ጠፋ፤ ማንም አያምነውም። እሱ ስቆ ያልፋል። እኔ ግን ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ክብሩ ይመለስለታል፣ የሀያት ሥራ ደግሞ ይሄዳል። ከልቤ እጠላው ነበር ያንን መሐላ።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ወደኛ ወረደ።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር። የተማሪዎቹን የውጤት መዝገብ ላወጣ ውጫሌ በሄድኩበት ቀን ከተማው ባንድ ጊዜ ተነሣ። አልጋ የተሸከመ፣ ዶሮ የታቀፈ፣ በሽተኛ ያዘለ፣ ሁሉም ወደ ሐይቅ። ጋሽ እንድሪስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ማንንም «ሞልቷል» ሳይል ጫነ። ጋቢናው ውስጥ ብቻ አራት ሆንን፤ መዝገቡ ጭኔ ላይ፣ በላዩ የማላውቃት ሕፃን።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ወደ ማሳ የሚገባ መንገድ አፍ ላይ አንዲት ፒክአፕ ቆማለች። ሲቪል የለበሱ ሰዎች ከብበዋታል። ዘወር ብለው አዩን፤ አንዱ በእጁ እለፉ አለን። አለፍን። እኔ ተፈናቃይ መሰሉኝ። ጋሽ እንድሪስ ግን ከንፈሩ ደርቋል።

«ታርጋዋ ላይ ጭቃ ለጥፈዋል። ዝናብ ከዘነበ ስንት ጊዜው ነው?» አለ። «የጫነችው ደግሞ ናፍጣ ብቻ። ሰዎቹ የኛን ጎማ ነው ያዩ፣ እኛን አይዶለም። ሙሉ ስለሆንን ተውን፤ ማራገፍ ጊዜ ይፈጃል። የሚጠብቁት ባዶውን የሚመጣ ነው።»

ባዶውን የሚመጣ ማለት ደግሞ የመስመሩ ሹፌር ሁሉ ነው፤ ሐይቅ አራግፎ ቀሪውን ሰው ሊያመጣ ወደ ውጫሌ የሚመለሰው። የመጀመሪያው መጣ። ጋሽ እንድሪስ መብራቱን ደጋግሞ አበራ፣ አፍንጫውን መታ። ሹፌሩ አፍንጫውን ይዞ እየሳቀ አለፈ። በዚያ ቀን እንኳ! ሁለተኛው መጣ፤ እሱም ጥሩምባ ነፋልንና በረረ። ጋሽ እንድሪስ እንደ ልጅ ጮኸ፤ መስኮቱን አውርዶ ስማቸውን ጠራ፤ አልሰሙትም።

ሐይቅ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን መሪውን ጠመዘዘና ሚኒባሷን መንገዱ ላይ አጋደማት። ወዲያም ወዲህም የሚያሳልፍ አልነበረም። የኛ ተሳፋሪዎች ጮኹበት፤ ከኋላችን የሚሸሽ ሕዝብ አለ፣ ከፊታችን ባዶ መኪኖች ተደረደሩ። ከሁሉ ፊት ከማል ነበር።

«አንሣት ጋሼ! እናቴ ውጫሌ ናት!» አለ ከመኪናው ወርዶ።

«መኪና ቀማኞች ቆመዋል ከማል። በነፍስህ ነው የምልህ። በእግርህ ሂድ፣ በተራራው ዙር፣ በመኪና ግን አትሂድ።»

«አፍንጫህ ነው የነገረህ?» አለ ከማል። «የገዛ ልጅህን ያላየህ ሰውዬ! አንሣት ብያለሁ፣ አለዚያ ገጭቼ አልፋለሁ።» ሌሎቹም ሞተራቸውን ያስጮኹ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ከሐይቅ በኩል ሀያት እየሮጠች መጣች። ከተማው መውጫ ላይ ተመድባ የሚሸሸውን መኪና ታስተናግድ ነበር። እሷ ገና ሳትደርስ እኔ ሕፃኗን ለአንዷ ሰጥቼ ወርጃለሁ።

«አይቷታል!» አልኩ። «ያን ቀን ከመታጠፊያው ወዲያ ሆኖ አይቷታል! መኪናዋ ብርማ ናት፣ ሀያት ከፊት አለች ብሎ ለኔ ነግሮኛል። ከሥራ እንዳትባረር አውቆ ነው የተያዘላት! ይህ ሰው ተሳስቶ አያውቅም!»

ጋሽ እንድሪስ ከመሪው ላይ ቀና ብሎ «መምህርት!» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሀያት እዚያው ቆማለች፤ ሰምታዋለች።

«አንቺማ የሱ ወገን ነሽ» አለኝ ከማል።

ያኔ ሀያት ሰዎቹን ገፍታ መሐል ገባች። «እውነቷን ነው» አለች። «እኔም አውቅ ነበር። ያኔውኑ አውቅ ነበር። አለቃዬ ከፈለገ ዛሬ ያባርረኝ። አባቴ አሉ ካለ አሉ። መኪናችሁን አዙሩ!»

ከማል እሷን አየ፣ እሱን አየ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ለባልደረባው ሰጥቶ፣ አስፋልቱን ለቆ ሽቅብ በእግሩ ወደ ተራራው ገባ። በማግስቱ እናቱን በበቅሎ አምጥቷል። ምልክቱን ንቀው ካለፉት ከሁለቱ አንዱ ከሦስት ቀን በኋላ በእግሩ መጣ፤ መኪናውን ወስደውበት፣ ተደብድቦ። ሌላውን እስከ ዛሬ ቤተሰቦቹ ይፈልጉታል። ሰዎቹ የማን ወገን እንደነበሩ አሁንም አላውቅም። ሀያትም የመጨረሻውን መኪና አሳልፋ፣ በእግሯ ደሴ ገብታ አገኘናት። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ሰላም ከሆነ በኋላ በበሽታ፣ አልጋው ላይ፣ ልጁ አጠገቡ ሆና ነው የሞተው።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያች ሰዓት ባዶዎቹ መኪኖች አንድ ባንድ ሲዞሩ፣ አባትና ልጅ በመስኮቱ በኩል ተፋጠው ቀሩ። እኔ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ታውቂ ኖሯል?» አላት።

«ግንባርህን ስትመታ ሐይቅ ድረስ ተሰምቷል እኮ አባባ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ምን አድርጌሽ ቀጣሽኝ?»

«ሦስት ትርፍ ጭነህ ነበራ!»

ሳቅ አመለጠው፤ አብሮም እንባው። በሩን ከውስጥ ከፈተና «ነይ ግቢ። ላንቺ ቦታ አላጣም» አላት። ሀያት አንገቷን አስግጋ ወደ ኋላ አየች። ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፤ አሮጊቶቹ እቅፍ ውስጥ ሕፃን አለ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ።

«ስንት ጫንክ?» አለችው።

«አልቆጠርኩም።»

በሩን ዘጋችበትና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ መሐል መንገድ ቆመች፣ እጇን ወደ ደሴ ዘረጋች።

«እለፍ» አለችው።